ከቡናው አገር እስከ ባሕር፦ የባሮ የመርከብ መንገድ



በትንሽ ባለሸራ ጀልባ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ሰው ጉዞውን የሚለካው ከቀትር እስከ ቀትር ነው። በሰዓት 5 የባሕር ማይል ከተጓዘ፣ በ24 ሰዓት 120 የባሕር ማይል፣ ማለትም 222 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ነፋስ ከጠፋ ግን ከመጠበቅ በቀር ምርጫ የለውም። ዛሬ የማነሣው መንገድ የሚጠብቀው ነፋስን ሳይሆን ክረምትን ነበር።

ከሚዛን ተፈሪ አካባቢ ደጋ የሚነሣው ጊሎ ወደ ምዕራብ ወርዶ ከፒቦር ይቀላቀላል። ፒቦርና ባሮ ሲገጥሙ ሶባት ይሆናሉ፤ ሶባትም ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። በደጃችን ከሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ በካርቱም በኩል ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ያቀናል ማለት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ዳርቻ በኢታንግ አጠገብ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ጣቢያው በኋላ የተተከለው በጋምቤላ ነው። የጎሬና የምዕራብ ወለጋ ቡና 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ደጋ 500 ሜትር ገደማ ወደሆነው ቆላ በሰው ትከሻና በጋማ ከብት ይወርድ ነበር። ከዚያ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫናል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ መርከብ በባሮ ላይ የሚንቀሳቀሰው ግን ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ነው። ወንዙ ሲጎድል የዘገየ መርከብ አሸዋ ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የአንድ ዓመት ምርት ብዙው ክፍል የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ ነበረበት። መጋዘንና ገንዘብ ያለው ነጋዴ መጠበቅ ይችላል፤ ግብር የሚከፍልና ቤተሰብ የሚመግብ ገበሬ ግን አይችልም። በእኔ አስተያየት፣ ትርፉ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ከቡናው ጥራት ይልቅ ይህ የመጠበቅ ዐቅም ነበር።

መንገዱን የዘጋው ውኃው ብቻ አይደለም። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ጋምቤላን ያዘ፤ በ1933 ዓ.ም. ተለቀቀች። ውሉ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ስለነበር፣ ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የውሉ መሠረት ቀረ፤ ጋምቤላም ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች። የመኪና መንገድ ሲስፋፋም ንግዱ ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አዞረ።

ዛሬ የቴፒና የበበቃ ቡና በመኪና ተጭኖ በአዲስ አበባ አልፎ በጅቡቲ ወደብ ከባሕር ይደርሳል። ክረምትን መጠበቅ ቀርቷል፤ ጥያቄው ግን አልቀረም። ዋጋ እስኪሻሻል ቡናውን ማቆየት የሚችል ማን ነው? ገበሬው ነው ወይስ ከእርሱ የገዛው? ስለ ቡና ግብይት ጥናት የምትጀምሩ ተማሪዎች ከዋጋው ሠንጠረዥ በፊት ይህን ጠይቁ እላለሁ።