ለጓሮ የሚሆን የድንች ዘር ስለ መምረጥ
ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተሰጠ ንግግር



በደጋ አገር ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ለቤተ ሰብ እንዴት ያለ ጊዜ እንደ ሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም። የአምናው እህል ከጎተራ ያልቃል፤ የዘንድሮው ገና በማሳ ላይ ለምለም ነው። በዚህ ጊዜ በበልግ በጓሮ የተተከለ ድንች ከገብሱና ከስንዴው አስቀድሞ ይደርስና ቤቱን ከጭንቅ ያወጣዋል። ስለዚህ ለጓሮ የሚሆነውን ድንች መምረጥ ትንሽ ነገር መስሎ ቢታይም የልጆች ራት ያለበት ጉዳይ ነው።

ድንች ሊተክል ያሰበ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ከድንች ዓይነት ሁሉ የሚበልጠው ማንኛው ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው የተገባ ነው፤ መልሱ ግን አንድ ስም አይደለም። ለአንዱ ጓሮ የተስማማው ለሌላው ጓሮ የማይረባ ይሆናል፤ በበልግ ያማረው በክረምት በበሽታ ይቃጠላል፤ በገበያ የተወደደው በድስት ውስጥ ይፈርሳል። ስለዚህ መራጩ ሦስት ነገር መመርመር ይገባዋል፤ ይኸውም መቼ እንደሚተከል፥ ለምን እንደሚፈለግ፥ ዘሩም ከእንዴት ያለ ተክል እንደ መጣ ነው። ከሦስቱም አስቀድሞ ግን አንድ ምክር አለ፤ የቤት ተስፋ ሁሉ በአንድ ዓይነት ድንች ላይ እንዳይጣል።

በአንድ ዓይነት ብቻ ስለ መታመን

(በዚህ ንግግር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የድንች የመጀመሪያ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ዛሬ ፔሩና ቦሊቪያ በሚባሉት አገሮች፥ አንዲስ በተባሉት ረጃጅም ተራሮች ላይ፥ የአገሩ ሰዎች በብዙ ሺሕ ዓመታት ውስጥ ድንችን ከዱር አውጥተው አለመዱት። የእነዚያ ተራሮች ገበሬ እስከ ዛሬ ድረስ በአንድ ማሳ ብዙ ዓይነት ድንች ቀላቅሎ ይተክላል፤ ነጩን ከቀዩ፥ ክቡን ከረጅሙ፥ ውርጭ የሚችለውን ከማይችለው ጋራ ያደርጋል። ይህንም የሚያደርገው ባለማወቅ አይደለም፤ በአንዱ ላይ ውርጭ ወይም በሽታ የወደቀ እንደ ሆነ ሌላው እንዲተርፍለት ብሎ ነው።

እስፓኞሎች በ16ኛው መቶ ዓመት ድንችን ወደ ኤውሮፓ ባመጡት ጊዜ ከዚያ ሁሉ ብዛት ጥቂቱን ብቻ ይዘው መጡ። ከጊዜ በኋላም በአይርላንድ አገር ብዙ ድሆች ኑሯቸው በድንች ላይ ብቻ ሆነ፤ ከድንችም ይልቁን ላምፐር በሚባለው በአንዱ ዓይነት ላይ ታመኑ። ይህ ዓይነት በመናኛ መሬት ብዙ ስለሚያፈራ ለድሃ የሚመች ነበረ። በ1845 ግን ከዚያ በፊት ያልታወቀ የቅጠል በሽታ መጣ፤ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ማሳው ጠቈረ፥ በመሬት ውስጥ ያለውም ድንች በሰበሰ። በሽታው በተከታታይ ዓመታት ስለ ተመላለሰ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኃብና ረኃብ ባመጣው ደዌ ሞተ፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህልም አገሩን ለቆ ተሰደደ። ለመከራው መብዛት የመሬቱ ሥሪትና የገዥዎቹ ቸልታ ድርሻ ነበራቸው፤ ነገር ግን የመከራው በር የተከፈተው በአንድ ዓይነት ድንች በመታመን ነው።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ድንች የሚተከለው ከአበባው በሚገኘው ዘር ሳይሆን ከራሱ ከድንቹ ስለ ሆነ ልጁ ከወላጁ ምንም አይለይም። የአንድ ዓይነት ድንች ሁሉ፥ በሺሕ ማሳ ቢተከልም፥ ጠባዩ አንድ ነው። ስለዚህ በሽታው አንዱን ያሸነፈ እንደ ሆነ ሁሉን ለማሸነፍ መንገድ አገኘ ማለት ነው።

ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው ሺምፐር በተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ እጅ በ1858 እንደ ሆነ ተጽፏል። ገበሬው ቶሎ አልተቀበለውም ነበረ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ታላቁ ረኃብ በሆነ ጊዜ ግን ብዙ ሰው ያዘው። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ነባር የሆኑ ዓይነቶች አሉ፤ በአበባቸው መልክ ነጭ አበባ፥ አተር አበባ እየተባሉ የሚጠሩት ከእነዚህ ናቸው። በኋላም የምርምር ማዕከሎች በሽታን የሚችሉና ብዙ የሚያፈሩ ዓይነቶችን እየመረጡ ለገበሬ አወጡ። ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ጃለኔ በ2002፥ ጉደኔ በ2006፥ በለጠ በ2009 ወጡ፤ ከአዴት ማዕከልም ጉዋሳ በ2002 ወጣ።

ከዚህ ላይ አንድ የአገር ሽማግሌ «ከአባቶች የተወረሰውን ዘር ጥሎ እንግዳውን መቀበል ምን ይጠቅማል?» ቢል ጥያቄው ከእውነት የራቀ አይደለም። መልሱም አሮጌውን መጣል አያስፈልግም የሚል ነው። ነባሩ ዓይነት አንዳንድ ጊዜ ቶሎ በመድረስና በጣዕም ይበልጣል፤ አዲሱ ደግሞ በሽታን በመቻልና በምርት ይበልጣል። አዲሱም ቢሆን ለዘላለም የጸና አይደለም፤ የበሽታው ዘር በየጊዜው ጠባዩን ስለሚለውጥ ትናንት በሽታ የማይነካው የነበረ ድንች ነገ ሊሸነፍ ይችላል። ስለዚህ ጠቢብ አባወራ ሁለት ዓይነት፥ ቢቻለውም ሦስት ዓይነት ይይዛል።

ስለ ወራቱና ስለ አገሩ

ድንች ብርድ ያለበትን አገር ይወዳል፤ ሙቀት በበዛበት ቈላ ቅጠሉ ይለመልማል እንጂ ከሥሩ አያፈራም። በደጋና በወይና ደጋ ግን ዓይነቱን የሚወስነው የሚተከልበት ወራት ነው።

በክረምት ለሚተከል ድንች ዋናው ጠላት አይርላንድን ያጠፋው ያ በሽታ ነው፤ በብዙ ስፍራ ገበሬው ዋግ ወይም ምች ይለዋል። ዝናብ፥ ጉምና ብርድ በተባበሩ ጊዜ በቅጠሉ ዳር ውሃ የነካው የሚመስል ጥቁር ነጥብ ይወጣል፤ በማለዳ ቅጠሉ ተገልብጦ ቢታይ በነጥቡ ዙሪያ ነጭ ሻጋታ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ማሳው ሁሉ ለመቃጠል ከአንድ ሳምንት እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ለክረምት የሚመረጠው ይህን በሽታ በመቻል የታወቀ ዓይነት ነው፤ ምርቱ ምንም ብዙ ቢሆን በሽታውን የማይችል ዓይነት በክረምት አይታመንም።

በበልግ ወይም በመስኖ ለሚተከለው ግን ይበልጥ የሚፈለገው ቶሎ መድረስ ነው። ከድንች ወገን በ3 ወር የሚደርስ አለ፤ እስከ 4 ወር የሚጠብቅም አለ። በለጠ ለምሳሌ ፍሬው ትልልቅ፥ ምርቱም ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከሚዘገዩት ወገን ነው። ጎተራው በሰኔ የሚያልቅበት ቤት ከጓሮው ከፊሉን ቶሎ ለሚደርሰው፥ ከፊሉን ብዙ ለሚያፈራው ቢሰጥ፥ በፊተኛው ችግሩን ያልፋል፥ በኋለኛውም ለገበያና ለዘር ያተርፋል።

ስለ ድስቱ

ድንች ሁሉ በእሳት ላይ አንድ አይደለም። አንዱ ሲቀቀል ዱቄት ይሆናል፤ እርሱ ለቅቅልና ለሕፃናት ምግብ መልካም ነው፥ በወጥ ውስጥ ግን ይበተናል። ሌላው ጠንክሮ መልኩን ይይዛል፤ ለጾም አልጫና ለወጥ የሚሻለው እርሱ ነው። ይህን ሳይቀቅሉ ለመለየት ለተማሪዎችም የሚያስደስት ቀላል ፈተና አለ። በ11 ስኒ ውሃ 1 ስኒ ጨው ይሟሟል፤ በዚያም ድንቹ ይጨመራል። ዱቄት የበዛበት ይሰጥማል፤ ውሃ የበዛበትና ጠንካራው ይንሳፈፋል። በቤት ምን እንደሚበሰል የምታውቅ እናት ስለ ሆነች ዘር ሲመረጥ የእርስዋ ቃል ሊጠየቅ ይገባል።

ዘሩን ከእንዴት ያለ ተክል መውሰድ እንደሚገባ

ዓይነቱ መልካም ሆኖ ዘሩ የታመመ እንደ ሆነ ምርጫው ሁሉ ከንቱ ነው። በብዙ ስፍራ ያለው ልማድ እንዲህ ነው፤ ድንቹ ከተቈፈረ በኋላ ትልልቁ ይሸጣል፥ መካከለኛው ይበላል፥ ከክምሩ ሥር የቀረው ትንንሹ ለዘር ይቀመጣል። ይህ ልማድ ሳይታወቅ ዘርን ያጠፋል። ክሽክሽ የተባለው ትንሽ ነፍሳት ከተክል ወደ ተክል የሚያስተላልፋቸው በሽታዎች አሉ፤ የያዙት ተክል ቅጠሉ ይጨማደዳል፥ ቁመቱ ያጥራል፥ ከሥሩም ትንንሽ ድንች ብቻ ያፈራል። እንግዲህ ከክምሩ ትንንሹን የሚመርጥ ሰው ሳያውቅ የበሽተኛውን ልጆች መረጠ። በሚመጣው ዓመትም ምርቱ ያንሳል፤ ከዚያም በሚቀጥለው ይልቁን ያንሳል፤ በመጨረሻም «ይህ ድንች አረጀ» ተብሎ ይጣላል። ያረጀው ግን ዓይነቱ አይደለም፤ መራጩ ነው ያሳመመው። ከከብት መንጋ ከሲታውን ለኰርማነት የሚያስቀር ገበሬ የለም፤ በድንችም ይህ ሊደረግ አይገባም።

የሚሻለው መንገድ ዘርን ከክምር ሳይሆን ከማሳ መምረጥ ነው። ድንቹ ሲያብብ፥ ቅጠሉም ገና ሳይረግፍ፥ አባወራው በጓሮው ይመላለስ፤ ቁመቱ ያማረውን፥ ቅጠሉ ያልተጨማደደውንና ያልተዥጐረጐረውን ተክል ሁሉ በአጠገቡ እንጨት እየተከለ ምልክት ያድርግበት። በመከር ጊዜ ምልክት ያለባቸው ብቻቸውን ይቈፈሩ፤ ከእነርሱም ብዙ ያፈሩት ተመርጠው የዶሮ ዕንቍላል የሚያህለው ድንች ለዘር ይቀመጥ። ከጤነኛ ተክል የተገኘ ትንሽ ድንች ጤነኛ ነው፤ ጉዳዩ የድንቹ መጠን ሳይሆን የእናቱ ጤና ነው።

ሌላም ተጠንቅቆ የሚታይ አጠውልግ የሚባል በሽታ አለ። ተክሉ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደ ሆነ በድንገት ውሃ እንደ ጠማው ይጠወልጋል። ይህን ለማረጋገጥ ግንዱ ከሥሩ አጠገብ ይቈረጥና ጫፉ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይንጠለጠል፤ ከቍርጡ ወተት የሚመስል ቀጭን ክር ወደ ታች ከወረደ በሽታው እርሱ ነው። ከእንደዚህ ያለ ማሳ አንድም ድንች ለዘር ሊወሰድ አይገባም፤ በዚያም መሬት ለብዙ ዓመታት ድንች፥ ቲማቲምና በርበሬ አይተከሉም፥ ይህ በሽታ እነርሱንም ስለሚይዝ ነው። ዘሩንም በቢላዋ ከመቍረጥ ሙሉውን መትከል ይሻላል፤ ቢላዋው በሽታውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛምታልና።

የተመረጠው ዘር በጨለማ ጓዳ አይከመር። ክዳን ባለው፥ ነፋስና ብርሃን በሚገባበት፥ ፀሐይ ግን በቀጥታ በማትመታው የእንጨት ቆጥ ላይ ይዘርጋ። በጨለማ የሚበቅለው ጕንቍል ረጅም፥ ነጭና ደካማ ነው፤ በብርሃን የሚበቅለው አጭርና ጠንካራ ይሆናል። ለዘር የተቀመጠው በብርሃን አረንጓዴ መሆኑ አይጐዳውም፤ ለምግብ የሚሆነው ግን በጨለማ ይቀመጥ፥ አረንጓዴ የሆነውና የሚመረው ድንች መርዝ ስላለበት ለልጆች አይሰጥ።

የትምህርት ቤቱ ጓሮ ሥራ

አንድ ዓይነት ድንች ለአንድ መንደር መስማማቱን በሩቅ ሆኖ የሚያውቅ የለም፤ መንደሩ ራሱ ሊፈትነው ይገባል። ለዚህም የትምህርት ቤት ጓሮ ይበቃል። በመስመርና በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፥ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። አራት መስመር ይውጣ፤ በየመስመሩ 10 ድንች ይተከል፤ አንዱ መስመር ለነባሩ፥ ቀጥሎ ያለው ለአዲሱ እየሆነ ይፈራረቅ። በአንድ ቀን ይተከሉ፤ ፍግ፥ አፈር ማስታቀፍና አረም ማረም ለሁሉም እኩል ይሁን። እንዲህ ሲሆን ለእያንዳንዱ ዓይነት 20 ተክል፥ 4 ሜትር ካሬ ተኩል መሬትም ይደርሰዋል።

ተማሪዎቹ የተተከለበትን ቀን፥ ያበበበትን ቀን፥ ቅጠሉ የጠቈረ ተክል በየሳምንቱ ስንት እንደ ሆነና በመጨረሻ የተመዘነውን ኪሎ በመዝገብ ይጻፉ። የቍጥር ትምህርትም ከዚሁ ይገኛል፤ ኪሎው ለ20 ሲካፈል የአንዱ ተክል ፍሬ ይታወቃል። ከዚያም ከሁለቱም ተቀቅሎ የመንደሩ እናቶችና ሽማግሌዎች ቀምሰው ይፍረዱ። የአንድ ዓመት ፈተና አይበቃም፤ ዝናቡ በየዓመቱ ስለሚለያይ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይደገም።

ሽማግሌዎች ከዚህ በፊት የትኛው ድንች በየትኛው ዓመት እንደ ጠፋና የትኛው እንደ ተረፈ ያስታውሳሉ፤ መምህራንም መጻፍና መመዘን ያውቃሉ። የእነዚያ ትዝታና የእነዚህ መዝገብ በተባበሩበት መንደር በሽታ አንዱን ድንች ቢወስድ ሌላው ይቀራል፤ በነሐሴም ልጆች በምድጃው ላይ የተጣደ ድስት ያገኛሉ።