እንቁላል ለጋሽ ሴት አስቀድማ ልታውቀው የሚገባ



አንዲት የአፍደም ሴት መውለድ ለተሳናት እኅቷ የዘር እንቁላሏን ለመለገስ ብታስብ፣ ሐኪሙ ሁሉን አስቀድሞ በሶማልኛ ሊያስረዳት ይገባል። ከ8 እስከ 14 ቀን ያህል በየዕለቱ የሆርሞን መርፌ ትወጋለች። የመጨረሻው መርፌ በተሰጠ በ36 ሰዓት ገደማ፣ ማደንዘዣ ወስዳ፣ እንቁላሎቹ በብልቷ በኩል በቀጭን መርፌ ይቀዳሉ። ሆድ መነፋት የተለመደ ነው። በጥቂቶች ላይ ግን ፈሳሽ በሆድ ይጠራቀማል፣ ደምም ይረጋል፤ ይህም ከቀናት በኋላ፣ ምናልባትም አፍደም ከገባች ወዲያ ስለሚከሠት፣ ለመመለስ አትቸኩል። ጤነኛ ሆና ሳለ ለሌላ ስትል አደጋ ለምትቀበል ሴት ይህን መደበቅ ከባድ በደል ነው።

የእምነቷም ነገር አይዘለል። የግብፁ ሙፍቲ ጃድ አል-ሐቅ በ1980 እ.ኤ.አ. ሕክምናውን ለባልና ሚስት ሲፈቅዱ፣ የሦስተኛ ወገን ዘር ከልክለዋል። እንቢ ያለች እንደሆነ፣ ምክንያቷን በእኅቷ ፊት እንድትናገር አትገደድ።