የእርሻ ሥነ ምኅዳር ትምህርትና የሠፈራ ሥራ

በእርዳታና በማቋቋም ተግባር ለተሰማሩ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር



ድርቅ የዝናብ መታጣት ነው። ድርቅ ወደ ረሃብ የሚለወጠው ግን አፈሩ ሲሟጠጥ፣ ዛፉ ሲመነጠር፣ ጎተራው ሲራቆትና ለክፉ ቀን የተቀመጠው ጥሪት ሲያልቅ ነው። ስለዚህ የእርዳታ ሥራ እህል ከማደል አልፎ ተጎጂውን መልሶ እስከ ማቋቋም የሚዘልቅ ከሆነ፣ ሰውየው የሚያርሰውን መሬት ጠባይ የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልገዋል። ይህን ባለሙያ ለማፍራት የታሰበው በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የእርሻ ሥነ ምኅዳርና የዘላቂ ግብርና ትምህርት ነው።

የእርሻ ሥነ ምኅዳር እርሻን እንደ አንድ የተሳሰረ አካል አድርጎ ይመረምራል። አፈር፣ ውሃ፣ ሰብል፣ ዛፍ፣ ከብትና ተባይ፣ እንዲሁም የገበሬው ጉልበትና ልማድ አንዱ በሌላው ላይ የሚያሳድረው ውጤት ይጠናል። ዘላቂ ግብርና የሚባለውም የነገውን አፈር ሳያሟጥጡ የዛሬውን ምርት ማግኘት ነው።

የትምህርቱ ስም አዲስ ይምሰል እንጂ መሠረቱ በገበሬው ዘንድ የቆየ ነው። ገበሬው አገሩን ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላና በረሃ ብሎ ከፍሎ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ሰብልና ከብት ለይቶ ኖሯል። ባለሙያዎችም ይህንኑ አከፋፈል ተቀብለው በአብዛኛው ቆላን ከ500 እስከ 1500፣ ወይና ደጋን ከ1500 እስከ 2300፣ ደጋን ከ2300 እስከ 3200 ሜትር ከፍታ ባለው ቦታ ይወስኑታል።

ለዚህ እውቀት አንድ ምሳሌ በሐረርጌ ደጋማ አገር ይገኛል። በዚያ ገበሬው ገርቢ የተባለውን የግራር ዓይነት ከእርሻው ውስጥ አይነቅለውም። ይህ ዛፍ ከሌሎቹ በተለየ በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፤ በበጋ ይለመልማል። በመሆኑም ሰብሉን ብርሃን አይነሣውም፤ የረገፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል፤ ፍሬው ለከብት መኖ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ጥናት ከዛፉ ሥር የበቀለው ማሽላና በቆሎ ከዛፉ ርቆ ከበቀለው በአማካይ ከግማሽ በላይ ብልጫ እንዳለው አሳይቷል። ገበሬው በልምድ ያወቀውን ሳይንስ በሚዛን አረጋገጠለት።

በዚሁ አካባቢ፣ በዓለማያ፣ በአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እርዳታ የተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅ በ1950 ዓ.ም. ተመርቆ በ1977 ዓ.ም. የግብርና ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ዓላማው ሦስት ነበር፤ ማስተማር፣ መመራመርና የምርምሩን ውጤት ለገበሬው ማድረስ። ሆኖም በዩኒቨርሲቲው ደጅ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀ። ከተራቆቱት ኮረብቶች የታጠበው አፈር ሞላው፤ ለመስኖና ለከተማ የሚሳበውም ውሃ ከሚተካው በለጠ። ከዓመታት በኋላ ውሃው በከፊል ቢመለስም፣ በመማሪያ ክፍል ያለ እውቀት ከኮረብታው ላይ ካልደረሰ ደጅ ያለውንም ሀብት እንደማያድን ይህ ሐይቅ ምስክር ነው።

በሠፈራ ሥራ ላይ የደረሰው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነበር። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚሆን ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል ተወሰደ። በ1977 ዓ.ም. ክረምት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ሠፈራ ጣቢያዎች ዘምተዋል፤ የዘመቱት ግን ጎጆ ለመሥራት እንጂ መሬቱን ለማጥናት አልነበረም። ደጋ ለምዶ የኖረው ሠፋሪ በመተከልና በጋምቤላ ቆላ ከወባ ጋር ተገናኘ፤ በዝንብ የሚተላለፈው ገንዲ የተባለው በሽታም የእርሻ በሬ የሚፈጅበት አገር ነበር። በፓዌ በሬውን እንዲተካ የቀረበው ትራክተርም በ1980ዎቹ መጀመሪያ የውጭው ድጋፍ ሲቋረጥ የሚያንቀሳቅሰው አጣ። የአካባቢው የጉሙዝ ሕዝብ በዶማ የሚቆፍርበትና መሬቱን እያፈራረቀ የሚያሳርፍበት አንዱ ምክንያት ይኸው ገንዲ ነበር። ብዙዎች ኋላ ቀርነት ያሉት አሠራር ከአገሩ ጠባይ ጋር የተደረገ ስምምነት ነበር፤ ይህንንም ለማወቅ የአገሩን ሰው መጠየቅ ይበቃ ነበር።

ከዚህ የሚወሰዱት ትምህርቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ የእርሻ ሥነ ምኅዳር ተማሪ ከመጀመሪያው እርሻ እስከ ውቂያ ድረስ አንድ ሙሉ የእርሻ ዘመን በገበሬ መንደር ሊቆይ ይገባል። የአንድ ሳምንት ጉብኝት የሚያሳየው የመስኩን መልክ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰው ከቀዬው ከመነሣቱ በፊት የሚሠፍርበት ቦታ በክረምትም በበጋም ይጠና። ውሃው የት እንደሚተኛ፣ ከብቱ በየትኛው ወር እንደሚታመም፣ ባዶ የሚመስለው መሬት የማን ማሳረፊያ እንደሆነ ከነባሩ ነዋሪ ይጠየቅ። ነባሩ ነዋሪ ሳይስማማ የተሰጠ መሬት ለሠፋሪውም ሰላም አይሆነውም።

ሦስተኛ፣ የእርዳታ ዘር ከቦታውና ከጊዜው ጋር ይስማማ። በወሎና በሐረርጌ የበልግ ዝናብ ሲቀር፣ በሚያዝያ ሊዘራ የነበረው ማሽላ ቦታውን ለጤፍ ወይም ቶሎ ለሚደርስ ዝርያ ይለቃል። ገበሬው ይህን ለውጥ የሚያደርገው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። ከእነዚያ ሳምንታት በኋላ የደረሰ ዘር በሪፖርት ላይ እርዳታ ተብሎ ቢመዘገብም ማሳ ላይ ግን አይበቅልም።

በአጠቃላይ፣ ዩኒቨርሲቲው ባለሙያውን ቢያሠለጥን፣ የእርዳታ ድርጅቱም ካምፑ ከተተከለና በሬው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ውሳኔው ገና ሳይሰጥ ቢጠራው፣ ትምህርቱ ዋጋውን ያገኛል። መሬትን ሳያነቡ ሰውን ማስፈር የሚያስከፍለው ዕዳ በመጀመሪያ የሚወድቀው ምርጫ ባልነበረው ሠፋሪ ላይ ነውና።