ለፊልም የሚሆን ጥቁር አሸዋ ስለ መፈለግ



ከሥራ በኋላ ወደ ሲኒማ ቤት ገብታችሁ የጦርነት ፊልም ስትመለከቱ፥ ወታደሮቹ ሲወድቁበት የምታዩት ምድር በእውነት የት እንደሚገኝ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? ተዋናዩን ሁላችንም በስሙ እናውቀዋለን፤ ያን ምድር በእግሩ ዞሮ የመረጠውን ሰው ግን የሚያስታውሰው የለም። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ሰው ሥራ ነው። ምሳሌ የሚሆነንም የኢዎ ጂማ ጥቁር የባሕር ዳርቻ ነው።

ኢዎ ጂማ ከቶኪዮ ወደ ደቡብ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ትንሽ የእሳተ ገሞራ ደሴት ናት፤ የስሟም ትርጉም የድኝ ደሴት ማለት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1945 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ 19 ቀን የአሜሪካ ማሪን ወታደሮች በዚያ ዳርቻ ወረዱ። አሸዋው ልል ስለ ነበረ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ይሰጥም፥ መኪናም ጎማው ይቀበር፥ ለመከለያ የቆፈሩት ጉድጓድም ወዲያው ተንዶ ይደፈን ነበር። ከአሜሪካውያን ወገን 7,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ከ21,000 ያህሉ የጃፓን ሠራዊት ግን በውጊያው ጊዜ የተማረኩት 200 ያህል ብቻ ሲሆኑ፥ ከቀሩት አብዛኞቹ እዚያው አለቁ።

ክሊንት ኢስትውድ በ2006 ዓ.ም. ስለዚህ ጦርነት ሁለት ፊልሞች አወጣ፤ አንዱ በአሜሪካውያን፥ ሁለተኛው በጃፓኖች ዓይን የታየ ነው። ታዲያ ዳርቻውን ከየት ያምጣው? ለዚህ ጥያቄ ቀላሉ መልስ «ከዚያው ከደሴቲቱ» የሚለው ነው። ነገር ግን ጄኔራል ኩሪባያሺ ወታደሮቹን 18 ኪሎ ሜትር ያህል የምድር ውስጥ መተላለፊያ አስቆፍሮ ነበርና፥ በዚያ ውስጥ እንደ ተቀበሩ የቀሩት የብዙ ሺሕ ሰዎች አፅም እስከ ዛሬ አልተገኘም። ደሴቲቱም በ1968 ዓ.ም. ለጃፓን ከተመለሰች ወዲህ የጦር ሠፈር ናት፤ ያለ ፈቃድ የሚገባባት የለም። የጦርነት ፊልም ያለ ፍንዳታና ያለ ቁፋሮ አይነሣም፤ እዚያ ደግሞ የሚቆፈረው መቃብር ነው።

እውነተኛ ታሪክ በእውነተኛው ሥፍራ ካልተነሣ ሐሰት ይሆናል የሚሉ አይታጡም። እኔ በዚህ አልስማማም። ተመልካቹ ሊረዳው የሚገባው ወታደሩ በዚያ አሸዋ ላይ ለመሮጥ አለመቻሉን ነው፤ ይህንንም ተመሳሳይ አሸዋ ሊያስረዳው ይችላል።

ተመሳሳዩ የተገኘው እጅግ ሩቅ በሆነ አገር፥ በአይስላንድ ነው። በሬይክያነስ ጠረፍ ሳንድቪክ በሚባለው ዳርቻ በ2005 ዓ.ም. በጋ የማረፊያው ውጊያ ተነሣ። የዚያ አገር አሸዋ የሚጠቁረው እኛ ለቤት መሠረት የምንጠርበውን ጥቁር ድንጋይ ከመሰለ የእሳተ ገሞራ ዐለት ተፈጭቶ ስለሚገኝ ነው። በወታደር ልብስ ከተሰለፉት ብዙዎቹም የዚያው አገር ወጣቶች ነበሩ።

ሆኖም ጥቁር አሸዋ ማግኘት ብቻውን ምንም አይደለም። ሥፍራ መራጩ ውበቱን ከማድነቁ አስቀድሞ ጀርባውን ይመለከታል፤ ቤት፥ የመብራት እንጨት ወይም አዲስ መንገድ ከታየ ያ ዳርቻ አይሆንም። መንገድ ከቶ ከሌለ ደግሞ ካሜራውና ሰዉ በምን ይደርሳል? ቀጥሎ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት በሰዓት ይመዘግባል። ጥቁር አሸዋ ሲረጥብ እንደ ከሰል ይጠቁራል፥ ሲደርቅ ግን ይገረጣል፤ ጧት የተነሣውና ከቀትር በኋላ የተነሣው ሥዕል ሲቀጣጠሉ የአንድ ቀን ሥራ ላይመስሉ ይችላሉ። አሸዋው ብርሃን ስለሚውጥም የሰው ፊት ከመጠን በላይ ፈክቶ እንዳይወጣ መጠንቀቅ ያሻል። የእግር ኮቴም ሌላ ጣጣ ነው፤ አንድ ግድየለሽ ሠራተኛ ከተራመደበት ያ ሰው ያልረገጠው ዳርቻ ወይ በመቧጠጫ እስኪስተካከል ወይ ማዕበል እስኪያጥበው ይጠበቃል።

ማዕበሉን ራሱን መፍራት ይገባል። በዚያው አገር ሬይኒስፍያራ በሚባለው ስመ ጥር ጥቁር ዳርቻ፥ ባሕሩ ጸጥ ያለ መስሎ ሳለ ድንገት የሚመጣ ኃይለኛ ሞገድ ከአንድ በላይ ጎብኚዎችን ወስዶ ገድሏል። ለፊልም ብሎ ሰው ወደ ውኃው ዳር የሚያሰልፍ ሁሉ ይህን አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

የአየሩ ልዩነት ግን አላሳሰባቸውም። ኢዎ ጂማ ሞቃት ናት፥ አይስላንድም ቀዝቃዛ፤ ነገር ግን ሙቀት በፊልም ላይ አይዳሰስም፥ የፊልሙም ቀለም ሆን ተብሎ እንዲደበዝዝ ተደርጓል። በደሴቲቱ ጫፍ የሚታየው የሱሪባቺ ተራራና የጦር መርከቦቹም ብዛት በኮምፒዩተር የተጨመሩ ናቸው።

በደሴቲቱ ላይ በፈቃድ የተነሣው ጥቂት ትዕይንት ብቻ ነው። እዚያ የሚጠጣ ምንጭ የለም፤ ወታደሮቹ የዝናብ ውኃ ያጠራቅሙ ነበር፥ ከጉድጓድ የሚወጣውም ድኝ ድኝ የሚል ሙቅ ውኃ ነበር። ዛሬ የሙታን ዘመዶች ወደ ደሴቲቱ እንዲገቡ ሲፈቀድላቸው፥ በመታሰቢያው ድንጋይ ላይ ንጹሕ ውኃ ያፈስሳሉ።