የመጨረሻው መስመርና የካሜራው ዓይን



አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ሲያገኝ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ገና ሥራውን አልጀመረም ነበር፤ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ሕዝቡ ድሉን የሰማው በሬዲዮና በጋዜጣ ነው። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ግን በየቤቱና በየቡና ቤቱ የተሰበሰበው ተመልካች የሲድኒውን የ10,000 ሜትር ፍጻሜ በቀጥታ አየ። ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ሩብ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው አፈትልኮ ወጣ፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ተከተለው፤ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮችም ደርሶ ቀደመው።

የኃይሌ ጊዜ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ የቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ሆኖ ተመዘገበ። ከአራት ዓመት በፊት በአትላንታ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት 0.83 ሰከንድ ሲሆን፣ በሲድኒ ወደ 0.09 ሰከንድ ወረደ። በዚያው በሲድኒ በወንዶች የ100 ሜትር ፍጻሜ አንደኛው ሁለተኛውን የቀደመው በ0.12 ሰከንድ ነበር። ሃያ አምስት ዙር የተሮጠበት ውድድር ከአጭሩ ሩጫ በጠበበ ልዩነት ተፈጸመ ማለት ነው።

ተመልካቹ «በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል። መሐንዲስ ግን የታየው ነገር በየትኛው ካሜራ እንደታየ መጠየቅ ይገባዋል።

ከመስመሩ ባሻገር ቆማ ሯጮቹን ፊት ለፊት የምትቀርጸው ካሜራ ረጅም ሌንስ የተገጠመላት ናት። ፊታቸውን፣ ድካማቸውንና ቁርጠኝነታቸውን አጉልታ ታሳያለች፤ ነገር ግን በፊተኛውና በኋለኛው መካከል ያለውን ርቀት አጥፋ ስለምታቀርበው፣ ሁለት ሜትር የተለያዩ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ የገጠሙ ይመስላሉ። ከጎን የምትከተለው ካሜራ ርቀቱን በተሻለ ሁኔታ ታሳያለች። እርሷም ብትሆን በመስመሩ አቅጣጫ ልክ ካልቆመች፣ የቀደመውን ያልቀደመ፣ ያልቀደመውንም የቀደመ ልታስመስል ትችላለች።

ከዚህም በላይ የዚያን ጊዜው የቴሌቪዥን ሥርዓት በአንድ ሰከንድ 25 ሙሉ ምስሎችን ያሳይ ነበር። ከአንዱ ምስል እስከሚቀጥለው 0.04 ሰከንድ ያልፋል። ሯጩ በሰከንድ 8 ሜትር ያህል ቢፈጥን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ 32 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ ሁለቱን ጀግኖች የለያቸው ከሁለት ምስሎች እምብዛም ያልበለጠ ጊዜ፣ በርቀትም 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

ፍርዱን የምትሰጠው ሦስተኛዋ ካሜራ ናት። ይህች ካሜራ ሜዳውን አታይም፤ የምታየው የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነው። በመስመሩ ላይ የተነጣጠረ አንድ ቀጭን ዓምድ በሰከንድ ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ ታነሣለች፤ ዓምዶቹንም ጎን ለጎን ትደረድራለች። በዚህ ሥዕል ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ያለው ስፋት የቦታ ሳይሆን የጊዜ መለኪያ ነው። በመስመሩ ላይ ጥቂት የቆየ እግር ተስቦ የረዘመ መስሎ የሚታየውም ስለዚህ ነው። ዳኛውም ከራስ፣ ከአንገት፣ ከእጅና ከእግር የተለየው ግንደ ሰውነት መስመሩን የነካበትን ቅጽበት ከሥዕሉ ላይ ያነባል። ለቴሌቪዥን የተነሣው ሥዕል ልብን ሲያንጠለጥል፣ ይህኛው ውበት የሌለው ሥዕል ይመዝናል።

ይህ መሣሪያ በሌለበት ሜዳ ምን ይሆናል? በእጅ የተያዘ ሰዓት የሚነበበው እስከ 0.1 ሰከንድ ብቻ ነው። የአትሌቲክስ ደንብ ከተኩስ በኋላ ከ0.1 ሰከንድ በታች የተነሣን የአጭር ርቀት ሯጭ ቀድሞ እንደተነሣ የሚቆጥረው፣ ሰው ከዚያ ፈጥኖ ሊንቀሳቀስ አይችልም በማለት ነው። ሰዓት ያዡም ሰው ነውና፣ እጁ የሚዘገይበት ጊዜ ብቻውን ኃይሌንና ቴርጋትን ከለየው ጊዜ ይበልጣል። ስሙ ገና ያልታወቀ ወጣት በሰዓት ያዥ ጣት ምክንያት ማጣሪያ ሊያመልጠው፣ የዓመታት ልፋቱም ሊባክን ይችላል።

መሣሪያው የተመሠረተበት ብልሃት ለሙያችን እንግዳ አይደለም። በየቢሮው ያለው ስካነር ወረቀትን የሚያነበው በዚሁ ዘዴ፣ መስመር በመስመር ነው። ፋብሪካዎችም በማጓጓዣ ቀበቶ ላይ የሚያልፈውን ምርት ጉድለት የሚመረምሩት በተመሳሳይ ካሜራ ነው። ቂሊንጦ እነዚህን ነገሮች በአንድ አካባቢ አገናኝታለች፤ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ይገኛል፤ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የታሰበው የኢንዱስትሪ ፓርክም ጎረቤቱ ነው። አንድ የመስመር ካሜራ፣ የታመነ የሰዓት ምንጭና ጥቂት የፕሮግራም ሥራ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ርእስ ይሆናሉ።

የማኅበሩ አባላት እንዲህ ያለውን ሥራ በምክርና በመሣሪያ ቢደግፉ፣ በትምህርት ቤቶችና በክፍለ ከተሞች ውድድር የሚሮጡ ልጆች ጊዜያቸው በትክክል ይለካላቸዋል። ከእነርሱም መካከል በ0.09 ሰከንድ የሚቀድም ቢገኝ፣ መቅደሙ በማስረጃ ይታወቅለታል።