እንቅልፍ ስለሚያበዛው ድባቴና ስለ መድኃኒቶቹ

በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ የተነበበ



ድባቴ የያዘው ሰው ሲባል ሁላችንም የሚታየን እህል የማይቀምሰው፥ ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያነጋው ነው። ዛሬ የምንናገረው ስለ ሌላው ነው። ይኸኛው ከወትሮው አብልጦ ይበላል፤ ቀን ሙሉ ይተኛል፤ እጅና እግሩ እንደ እርሳስ ይከብደዋል። ደግ ወሬ ሲሰማ ፊቱ ይፈካል፤ አንዲት የንቀት ቃል ስትደርሰው ግን ለቀናት ይሰበራል። በየማደሪያችን እንዲህ ያለውን ጓደኛ ሰነፍ እንለዋለን። «ትናንት ሲስቅ አልነበረም ወይ?» እንላለን። በደስታ ወሬ መፈካቱ ራሱ የዚህ ሕመም መለያ መሆኑን ማን ነግሮን!

ሕመሙ ተለይቶ የታወቀው በመድኃኒት በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ዌስትና ዳሊ የተባሉ የሎንዶን ሐኪሞች፥ አስቀድሞ ለሳንባ ነቀርሳ ይሰጥ የነበረው ኢፕሮኒያዚድ የትኞቹን በሽተኞች እንደሚረዳ ሲመረምሩ፥ «አቲፒካል»፥ ማለት ከተለመደው የወጣ፥ ያሉትን ድባቴ አገኙ። ኢፕሮኒያዚድ ጉበት ስለሚጎዳ ተተወ፤ ከዚያው ወገን የሆነው ፌኔልዚን ግን ቀረ።

በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፌኔልዚንን ለተለመደው ድባቴ ከታመነው ከኢሚፕራሚን ጋር አወዳደሩት። እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጥናት ፌኔልዚን ከወሰዱት ከመቶ 71፥ ኢሚፕራሚን ከወሰዱት 50፥ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከወሰዱት 28 ተሻላቸው። ኢሚፕራሚንም ከንቱ እንዳልሆነ ልብ በሉ፤ ግማሹን ረድቷል።

ታዲያ ፌኔልዚን ለሁሉም የማይታዘዘው ስለ ምንድን ነው? ነገሩ ከአይብ ይጀምራል። በእንግሊዝ አገር አንድ መድኃኒት ቀማሚ፥ ይህን መሰል መድኃኒት የምትወስደው ባለቤቱ አይብ በበላች ቁጥር ራሷን ክፉኛ እንደሚያማት አስተዋለ፤ ብላክዌል የተባለው ሐኪምም እ.ኤ.አ. በ1963 ጉዳዩን በጽሑፍ አወጣው። ብዙ ጊዜ በቆየ አይብና በአንዳንድ የድራፍት ቢራ ውስጥ ታይራሚን አለ። እርሱን በአንጀትና በጉበት የሚያፈርሰውን ኤንዛይም መድኃኒቱ ያግደዋል፤ የደም ግፊት በድንገት ይወጣል፥ አንዳንዴም በአንጎል ውስጥ ደም ይፈሳል።

ስለዚህ ዛሬ ብዙ ሐኪሞች በፍሉኦክሴቲንና በመሰሎቹ ይጀምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ጥናት ፍሉኦክሴቲን ከኢሚፕራሚን ጋር የተቀራረበ ጥቅም ሰጥቶ፥ ለበሽተኞቹ ይልቅ ቀለላቸው። በእኛ አስተያየት ግን ይህ ምርጫ የደኅንነት ምርጫ ነው፤ በኃይል ፌኔልዚንን በልጦ አይደለም። ሌላው ካልረዳ ፌኔልዚን ሊረሳ አይገባውም።

በንግግር የሚደረገው ሕክምናም ቀላል አይምሰላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ጥናት አስተሳሰብን የሚያርመው ሕክምናና ፌኔልዚን እያንዳንዳቸው ከመቶ 58 ሰዎችን ረድተዋል።

ከጓደኛ ክኒን ተቀብሎ ለመሞከር ለሚያስብ አንድ ነገር እንጨምር። ፍሉኦክሴቲን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ከእርሱ ወደ ፌኔልዚን ለመሻገር ቢያንስ 5 ሳምንት፥ ከፌኔልዚን ወደ እርሱ ለመሻገር ደግሞ 2 ሳምንት መጠበቅ ግድ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰውነት ውስጥ ከተገናኙ ሊገድሉ ይችላሉ።