ሙያን ከመምረጥ በፊት ሥራውን ሄዶ ማየት

(በማኅበራችን የሰኔ ወር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነበበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)




ዛሬ በአጀንዳችን በተራ ቁጥር 3 የተያዘው ጉዳይ የውኃም የመንገድም አይደለም፤ የልጆቻችን ጉዳይ ነው። ኮሚቴያችን ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ ከተነጋገረበት በኋላ በእናንተ ፊት እንዲቀርብ ስለ ወሰነ፣ ጥቂት ደቂቃ እንድትታገሡን በትሕትና እንጠይቃለን።

እንደምታውቁት ሰኔ የፈተና ወር ነው። ክረምቱ ሲያልፍ ከልጆቻችን አንዱ ቴክኒክና ሙያ፣ አንዱ ኮሌጅ፣ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ አንዱ ደግሞ ሥራ ፍለጋ ይወጣል። አሥረኛን ጨርሶ ወደ አሥራ አንደኛ የሚያልፈውም ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ ብሎ መለየት አለበት። ምርጫ ነው እንላለን እንጂ አብዛኛው ልጅ የሚመርጠው ያላየውን ነገር ነው። “ምን መሆን ትፈልጋለህ?” ሲባል “ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ፓይለት” ይላል። ዶክተሩ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲያደርግ እንደሚውል ብትጠይቁት ግን “ያክማል” ከማለት አያልፍም። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ማን አሳየው?

እኛ የኮሚቴው አባላት አብዛኞቻችን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያላለፍን ነን። ስለ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር አልቆምንም። ስለ ሥራ ግን እናውቃለን፤ ሁላችንም እጃችን ላይ አለና። ዛሬ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጅ ዓመቱን፣ ወላጅም ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት፣ ሥራው በሚሠራበት ቦታ ሄዶ ከሠራተኛው ጋር ጥቂት ቀን ይዋል። ስለ ሥራ የሚጠየቀው ሠሪው ነው።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በትምህርት ሚኒስቴር መግለጫ መሠረት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ከፍ እያለ ቢመጣም፣ በነዚህ አራት ዓመታት ሁሉ ከመቶው ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ልጆች ያሰቡት በር አልተከፈተላቸውም ማለት ነው። ያለፉትም ቢሆኑ ነገሩ አላበቃላቸውም፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል። እንግዲህ አንድ ስም ብቻ በልቡ ይዞ ያደገ ልጅ ያ ስም ሲቀርበት ምን ይሁን? ቤት ይቀመጣል። ወላጅም ይጨነቅና ከዕቁብ አውጥቶ፣ ወይም ከዘመድ ተበድሮ፣ “ይኸኛው ገበያ አለው” የተባለ ኮሌጅ ያስገባዋል። ልጁ በመንፈቁ “አልወደድኩትም” ብሎ ይመለሳል። ገንዘቡ ግን አይመለስም። በየቤታችን የምናውቀው ነገር ነው፤ ስም መጥራት አያስፈልግም። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል ይባል የለ!

ሳያዩ መግባት ፋብሪካ ለሚገባውም ያው ነው። ከማኅበራችን ወጣቶች አንዱ አንብቦ እንዳስረዳን፣ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአገራችን በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለው ነበር። በ2010 ዓ.ም. የታተመው ጥናታቸው እንደሚለው፣ ከተቀጠሩት አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ለቀው ወጥተዋል፤ ሥራው ደስ የማይልና ለጤናም የሚያሰጋ ሆኖ ስላገኙት። ፋብሪካ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም፤ ጸንቶ የቆየበትም አለ። ነገር ግን ከመግባቱ በፊት ሁለት ቀን ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ ያየ ሰው፣ ለመግባትም ሆነ ለመተው ልቡ ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ሠፈር እንምጣ። ውጪውን አይተን ውስጡን የማናውቀው ሥራ ስንት ነው?

ዳቦ ቤት በየጠዋቱ እንሄዳለን። ትኩሱን ዳቦ ይዘን ስንወጣ፣ ጋጋሪው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ከእሳት ፊት እንደ ቆመ ማን ያስባል? እንጀራ እየጋገረች ለሆቴል የምታስረክበውም እናት እንዲሁ ናት፤ የወገቧንና የዓይኗን ነገር እሷ ታውቀዋለች።

ብየዳን እንውሰድ። ገበያ ያለው፣ ቶሎ ገንዘብ የሚያስገባ ሙያ ነው፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የብየዳውን ብርሃን ለጥቂት ጊዜ እንኳ በባዶ ዓይኑ ያየ ሰው፣ ማታ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነበት ያህል ሲያቃጥለው ያድራል። ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ጭስም እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። ጭምብሉን፣ ጓንቱን፣ ንፋስ ያለበትን ቦታ ልጁ አስቀድሞ አይቶ ቢገባ ዓይኑን ይዞ ያረጃል።

ነርስነትን ነጭ ልብስ አድርገው የሚያስቡት ብዙ ናቸው። ነርስ የሌሊት ተራ አላት፤ በዓልም ቢሆን ተራዋ ከደረሰ ትገባለች። ቁስል ታጥባለች፣ ደምና ሰገራ ታነሣለች፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ትሰጣለች፤ የታማሚው ዘመድ ሲቆጣም ችላ ትመልሳለች። ይህን አይታ “እኔስ ይሆንልኛል” ያለች ልጅ ጥሩ ነርስ ትወጣለች። ሽታውን መቻሏን ግን ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳይሆን ዛሬ ትወቀው።

ባንክ ቤት ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ወጣት በከረባት ቁጭ ብሎ ሲታይ ሥራው ቀላል ይመስላል። ማታ ሒሳቡ እስኪገጥም ድረስ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ጉድለት ከተገኘበት ተጠያቂው እሱ ነው። መምህሩም ስልሳ ልጅ አስተምሮ ሲጨርስ ሥራው አላለቀም፤ ስልሳ ደብተር ይዞ ቤቱ ይገባል። የከባድ መኪና ሾፌሩ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ ከመንዳቱ ይልቅ በአፋር ሙቀት ወረፋ ጥበቃው እንደሚያደክመው ይነግራችኋል። ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራውም ቢሆን ጨዋታ ላይ አይደለም፤ አንዲት የተሳሳተች ምልክት ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ሲያፈጥ የሚውልበት ጊዜ አለ።

ወደ ዐረብ አገር ስለሚሄዱት እኅቶቻችንም ዝም ብለን አናልፍም። ያም ሥራ ነው፤ ምርጫም ነው። ደላላው የሚያወራው ስለ ደመወዙ ነው፤ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ የዕረፍት ቀን መኖሩን፣ ፓስፖርቱ በማን እጅ እንደሚቆይ አያወራም። ይህን የምታውቀው ሠርታ የተመለሰችው ናት። በሠፈራችን እነዚህ እኅቶች አሉ፤ አንዳንዷ ቤት ሠርታበታለች፣ አንዳንዷ ጤናዋን ጥላበታለች። ለመሄድ የምታስብ ልጅ ከደላላው በፊት ሁለቱንም ቁጭ ብላ ታነጋግር። ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ እንዳይሆንብን ነው።

እስካሁን የዘረዘርነው ድካሙን ስለ ሆነ፣ ልጆችን ልናስፈራራ የመጣን እንዳይመስላችሁ። የተገላቢጦሹም አለ። ከውጪ ሲያዩት የተናቀ፣ ቀርበው ሲያዩት ግን ብልሃትና ኩራት ያለበት ሥራ ብዙ ነው። ሽሮ ሜዳ ሄዶ ሸማኔው ጥለቱን በልቡ እየቆጠረ ሲያስገባ ያየ ልጅ፣ “ይህስ ሒሳብ ነው” ይላል። አገራችን የእጅ ባለሙያን በመስደብ ብዙ ዘመን ጎድታዋለች። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ እኛ ግን ዛሬም “ካልተማርክ ሊስትሮ ነው የምትሆነው” እያልን ልጅ እንቆጣለን። ቴክኒክና ሙያም የወደቀ ልጅ መጣያ ይመስለናል። ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ለአገር ባለሙያ ሲያወጣ የኖረ ነው። ዛሬም በሙያው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 እየተማሩና እየተመዘኑ ማደግ ይቻላል።

እዚህ ላይ ወላጆችን በግልጽ መናገር ይገባናል። እኛ አዋቂዎች ለልጆቻችን ስለ ሥራችን እውነቱን አንነግርም። ወይ “እንደኔ እንዳትሆን” ብለን እንዘጋዋለን፣ ወይ ደግሞ መከራውን ደብቀን ደህናውን ብቻ እናወራለን። ልጁ አባቱ ምን ሲሠራ እንደሚውል ሳያውቅ አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላዋል። እንዴ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን!

“ምርጫው በእጃችን መቼ ሆነና? ውጤትና ገንዘብ አይደለም ወይ የሚወስነው?” የሚል አባል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መንገዱ የጠበበ መሆኑን እኛም እናውቃለን። ነገር ግን አንድ ስም ብቻ የሚያውቅ ልጅ ያ ከቀረበት ባዶ እጁን ነው። አምስት ሥራ በዓይኑ ያየ ልጅ ግን አንዱ ሲዘጋበት ሌላውን ያውቃል። ድሀ ቤተ ሰብ ሁለት ጊዜ የሚከፍለው የለውም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ማየት ከሀብታም ይልቅ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው።

በዚህ መሠረት ኮሚቴው የሚከተለውን ሐሳብ ለውሳኔ ያቀርባል፦

አንደኛ፣ ሥራ ያለው አባል ሁሉ፣ ግንበኛም ይሁን ነርስ፣ ልብስ ሰፊም ይሁን መምህር፣ በሐምሌና በነሐሴ አንድ ወይም ሁለት ወጣት ለአምስት ቀን አብሮት እንዲውል ይፍቀድ። በቢሮ ወይም በድርጅት የሚሠራ አባል አስቀድሞ አለቃውን ያስፈቅድ፤ ካልተፈቀደለት ማታ ቤቱ ጠርቶ ያነጋግራቸው።

ሁለተኛ፣ ልጁ የሚሄደው ሊያይ ነው እንጂ ለጉልበት ሥራ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። በነጻ ሠራተኛ አገኘሁ ብሎ አሸዋ የሚያሸክም አባል ካለ ስሙ ከመዝገቡ ይሰረዛል። አደገኛ መሣሪያ ባለበት ቦታ ልጁ ራቅ ብሎ ቆሞ ያያል።

ሦስተኛ፣ ሴት ልጆች የሚውሉበት ቦታ በወላጅ ፈቃድ ይሆናል፤ ከሴቶች ክፍል አንዲት እናት አስቀድማ ቦታውን ታያለች፣ በመካከልም ትጎበኛለች።

አራተኛ፣ እያንዳንዱ ወጣት ደብተር ይዞ እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቆ ይጻፍ፦
— ቀንዎ ከጠዋት እስከ ማታ እንዴት ይውላል?
— ከሥራው በጣም የሚከብድዎ የቱ ነው? ደስ የሚልዎስ?
— ለመማር ስንት ጊዜና ስንት ገንዘብ ፈጀብዎ?
— ሲጀምሩ ምን ያህል ያገኙ ነበር? ዛሬስ? ሥራ የሚጠፋበት ወር አለ?
— በሰውነትዎ ላይ ምን ጉዳት አደረሰ? እንዴትስ ይጠነቀቃሉ?
— ልጅዎ ይህን ሥራ ልያዝ ቢል ምን ይሉታል?

አባሎችም ስትጠየቁ እውነቱን ተናገሩ። የገቢያችሁን ልክ መናገር ካልፈለጋችሁ ይለፋችሁ፤ የውሸት ቁጥር ግን አትስጡ።

አምስተኛ፣ ማንም ልጅ አንድ ሰው ብቻ አይቶ አይፍረድ። ያው ሥራ አንዱን አስመርሮ ሌላውን ያኖራል። ስለዚህ በአንድ ሙያ ቢቻል ሁለት ሰው ይታይ፤ አንዱ የሚወደው፣ አንዱ ሊተወው የሚፈልግ። የመጀመሪያ ቀን ድካምም አያስደንግጥ፤ አምስት ቀን ያልነው ለዚህ ነው።

ስድስተኛ፣ በነሐሴ መጨረሻ በዚሁ አዳራሽ ተሰብስበን ወጣቶቹ ያዩትን ይነግሩናል። ያን ጊዜ እኛ ዝም ብለን እናዳምጣለን። “ይህን ሥራ አይቼ ትቼዋለሁ” የሚል ልጅ ቢመጣ ማንም እንዳይቆጣው፤ ያተረፈው የወላጁን ገንዘብና የራሱን ዓመታት ነው።

የተከበራችሁ አባላት፣ ለዚህ ከማኅበሩ ሣጥን የሚወጣ ገንዘብ የለም። የሚጠየቀው ፈቃዳችሁ ብቻ ነው። ሐሳቡ በጭብጨባ ብቻ እንዲያልፍ አንፈልግም፤ የማይስማማ ካለ አሁን ይናገር። የተስማማ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በማኅበሩ ቢሮ መዝገቡ ተከፍቶ ስለሚቆይ፣ የሥራውን ዓይነት፣ ቦታውንና የሚመቸውን ሳምንት ያስመዝግብ። ወጣቶችም ሊያዩ የሚፈልጉትን ሦስት ሥራ ጽፈው ይስጡን። ከሦስቱ አንዱ፣ ወላጃቸው የሚሠራው ሥራ ቢሆን ደስ ይለናል።



የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ኮሚቴው